የሣቅ ማረፊያ፦ በአስቂኝ ታሪክ እንግሊዝኛን ስለ ማስተማርና ስለ ቃላት ፍቺ አሰጣጥ

የእንግሊዝኛን ቃላትና ሰዋስው በአጭር አስቂኝ ታሪክ አማካይነት ማስተማር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ለጀማሪዎች በሚዘጋጁ መጻሕፍት ውስጥ ታሪኩ በእንግሊዝኛ ይቀርባል፤ የአማርኛ ትርጉሙ ይከተላል፤ በመጨረሻም የቃላት ዝርዝርና የሰዋስው ጥያቄ ይሰለፋል። ዘዴው የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሣቀ ተማሪ አይሰለችም፤ ያሣቀውንም ቃል በቀላሉ አይረሳም ተብሎ ይታመናል። እኛም ይህን እምነት አንነቅፍም። የምንነቅፈው በታሪኩ ግርጌ የሚቀመጠውን የቃላት ዝርዝር አሠራር ነው። ዝርዝሩ ረጃጅሞቹንና እንግዳ የሚመስሉትን ቃላት ይለቅምና ሣቁ ያረፈበትን ቃል ይተወዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጉድለት ከየት እንደሚመነጭና እንዴት ሊታረም እንደሚችል ማሳየት ነው።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ እንዳይታይ፣ ዝርዝሩን የሚጠቀመው ማን እንደሆነ እናስታውስ። በሐዲያ ዞን በሻሾጎ ወረዳ በምትገኘው በቦኖሻ ከተማ የሚማር ልጅ ብዙውን ጊዜ በቤቱ ሐዲይኛ ይናገራል፤ አማርኛን ከጎረቤት፣ ከገበያና ከትምህርት ቤት ይሰማል፤ እንግሊዝኛን ግን ከክፍል ውጭ እምብዛም አያገኘውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ሐዲይኛና ከምባትኛ ይገኙበት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥና በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ ልጁ ዛሬ ለመዝናናት የሚያነበው እንግሊዝኛ፣ ነገ ፊዚክስና ታሪክ የሚማርበት ቋንቋ ነው። በታሪኩ ግርጌ ያለው ዝርዝርም ለእርሱ ከመዝገበ ቃላት ጋር የሚደረግ የመጀመሪያ ትውውቅ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ያህል ለዚህ ምርመራ የሚከተለውን አጭር ታሪክ አዘጋጅተናል። አንድ አባት ለልጁ አንዲት ዶሮ ሰጥቶ፣ «ቦኖሻ ገበያ ሂድና ዶሮ ሸጠህ ና» አለው። ልጁ ማታ ዶሮዋን እንደ ታቀፈ፣ ገንዘብም እንደ ጨበጠ ተመለሰ። አባት ተገርሞ፣ «ሳትሸጣት ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?» ቢለው፣ «የአክስቴን ዶሮ ሸጬላት ነው። አባባ፣ ዶሮ ሽጥ አሉኝ እንጂ ዶሮዋን ሽጥ መቼ አሉኝ?» ሲል መለሰ። አባትም ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «መልካም፤ እኔም እራት ብላ እልሃለሁ እንጂ እራቱን ብላ አልልህም፤ አክስትህ ቤት ሂድ» አለው።

በአማርኛው ቀልዱ የቆመው «ዶሮ» እና «ዶሮዋን» በሚሉት ቅርጾች ልዩነት ላይ ነው። ልዩነቱንም ሁለት ቅጥያዎች በአንድነት ያመለክታሉ፤ አንደኛው የታወቀነትንና ጾታን፣ ሁለተኛው ተሳቢነትን ያሳያል። ግሱም «ሳትሸጣት» በሚለው ውስጥ እንደሚታየው ተሳቢውን በራሱ ላይ ሊደግም ይችላል። ስለዚህ የአማርኛ ሰሚ ልዩነቱን አይስተውም። በእንግሊዝኛ ግን ይህ ሁሉ ጭነት የሚወድቀው ከስሙ በፊት በሚመጣ፣ ድምፁም በማይጠብቅ አንድ ቀለም ላይ ነው፤ «ሴል ኤ ሄን» እና «ሴል ዘ ሄን»። በተለመደው አሠራር የሚዘጋጅ ዝርዝር «ሄን - ዶሮ፤ ማርኬት - ገበያ፤ አንት - አክስት፤ ሴል - ሸጠ» ብሎ ያልፋል። ተማሪው አራቱንም ቃላት ቢያጠና አራት ቃላት ያውቃል፤ ልጁ ለምን ዶሮዋን ይዞ እንደተመለሰ ግን ከእንግሊዝኛው አያገኘውም። የሣቀ እንደሆነም የሚሥቀው በአጠገቡ በቀረበው የአማርኛ ትርጉም ነው።

የአባትየው መልስ ሌላ ነገር ያሳያል። ተማሪው ከልጁ ንግግር «ኤ» ያልታወቀውን፣ «ዘ» የታወቀውን ያመለክታል የሚል ሕግ ቢያወጣ፣ ሕጉን ወዲያው ወደ እራቱ ያዛውራል። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ባለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለማዕድ ስሞች መስተአምር አይሰጥም፤ «ሃቭ ዲነር» ይላል። «ዘ ዲነር» የሚባለው አንድ የታወቀ እራት ሲጠቆም ነው። ስለዚህ የታሪኩ የመጀመሪያ ሣቅ ሕጉን፣ ሁለተኛው ሣቅ ከሕጉ ውጭ የሆነውን ያስተምራል። ሁለቱንም ለማግኘት የሰዋስው ጥያቄው በእነዚህ ቦታዎች ላይ መነሣት አለበት። የተለመዱት መልመጃዎች ግን ከታሪኩ ውስጥ የኃላፊ ጊዜ ግሶችን እንዲለቅም ተማሪውን ያዝዙታል። ግሶቹን መልቀም ጠቃሚ ቢሆንም ለዚያ አስቂኝ ታሪክ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ታሪክ ይበቃል።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በአገራችን ሁሉ የታወቀ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረ ሀና አህያ የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን አደራችሁ» አሏት ይባላል። ሴትዮዋ ከአህዮቹ ጋር መቆጠሯን የተረዳችው ቆይታ ነው። ይህን ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የሚሞክር ተርጓሚ ሁለት የተጠረጉ መንገዶች ያገኛል፤ ሁለቱም ግን ቀልዱን ያጠፉታል። «ሃው አር ዩ» ቢል፣ «ዩ» ነጠላንና ብዙን ስለማይለይ አህዮቹ ከሰላምታው ይወጣሉ። «ጉድ ሞርኒንግ» ቢል ደግሞ በሰላምታው ውስጥ መደብም ቁጥርም የለም። ቀልዱን ለማትረፍ «ጉድ ሞርኒንግ ቱ ዩ ኦል» ወደሚል አነጋገር መሄድ ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አህዮቹን የሚቆጥረው «ኦል» የሚለው ትንሽ ቃል ይሆናል። የቃላት ዝርዝሩ «ዶንኪ - አህያ» ብሎ «ኦል»ን ከተወ፣ የታሪኩን ሸክም የተሸከመውን ትቶ አህያውን ብቻ ተረጎመ ማለት ነው።

የ«ዩ» ነገር ሌላም ጥያቄ ያስነሣል። አማርኛን መሠረት ያደረገ ዝርዝር ለዚህ ቃል «አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ» የሚል ፍቺ ይሰጣል። ፍቺው ለአማርኛ ተናጋሪ ትክክል ነው። ለቦኖሻው ልጅ ግን አላስፈላጊ ዙሪያ ጥምጥም ያስከትልበታል። በሐዲይኛ ሁለተኛ መደብ ነጠላ «አቲ» ነው፤ ለወንድም ለሴትም ያገለግላል። ስለዚህ በጾታ ረገድ ሐዲይኛና እንግሊዝኛ ይስማማሉ፤ ልጁ ወደ አማርኛ ሲያልፍ የሚያገኘው የ«አንተ» እና የ«አንቺ» ልዩነት እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ መልሶ የሚጥለው ጭነት ነው። በቁጥር ረገድ ግን ሐዲይኛ እንደ አማርኛ ነጠላውን ከብዙው ይለያል፤ ልጁም የአለቃን ቀልድ በቤቱ ቋንቋ ያለ ችግር ይረዳዋል። ሊነገረው የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የዛሬው እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት በተውላጠ ስሙ ላይ አለማሳየቱ ነው። እንግሊዝኛ ራሱ በቀድሞ ዘመን ነጠላውን «ዛው» ከብዙው «ዪ» ይለይ እንደነበር መጥቀስም ለመምህሩ ይጠቅመዋል።

ከዚህ ግን አማርኛ ከዝርዝሩ ይውጣ የሚል ድምዳሜ አንሰጥም። በዶሮዋ ታሪክ ጉዳይ ነገሩ ይገለበጣል። ሐዲይኛ የእንግሊዝኛን «ዘ» የሚመስል ራሱን የቻለ መስተአምር የለውም፤ አማርኛ ግን የታወቀነት ቅጥያ ስላለው ለልጁ ጥሩ ድልድይ ይሆንለታል። የፍቺው ቋንቋ የሚመረጠው ስለዚህ ለመጽሐፉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየቃሉ ሊሆን ይገባዋል። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ሁለት ድልድይ አለው፤ አንዱን ዘግቶ በሌላው ብቻ እንዲሻገር ማስገደድ ሀብቱን ማባከን ነው።

ዝርዝሩ ትንንሾቹን ቃላት የሚተወው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ከበስተጀርባው የቆየ ሐሳብ አለ። ማይክል ዌስት በቤንጋል ለሚማሩ ልጆች በተመጠኑ ቃላት የንባብ መጻሕፍት ካዘጋጁ በኋላ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. 2,000 ያህል ዋና ቃላት የያዘውን የታወቀ ዝርዝራቸውን አወጡ። ከዚያ ወዲህ አዘጋጆች አዘውትሮ የሚነገረውን ቃል እንደታወቀ፣ አልፎ አልፎ የሚነገረውን እንዳልታወቀ መቁጠር ለመዱ። «ዘ»፣ «ኤ»፣ «ዩ» እና «ኦል» በድግግሞሽ ከፍተኛውን ቦታ የያዙ ስለሆኑ ማንም ፍቺ አይሰጣቸውም። ነገር ግን አዘውትሮ መታየትና መታወቅ አንድ አይደሉም። ሁ እና ኔሽን የተባሉት ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አንባቢ ልቦለድን ያለ ረዳት በሚገባ ለመረዳት ከጽሑፉ ቃላት 98 ከመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል። ይህ ልኬት ለተራ ትረካ ይበጃል። ለቀልድ ግን አይበቃም። 150 ቃላት ባሉት ታሪክ ውስጥ 2 ከመቶው 3 ቃላት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሣቁ ያረፈበት ቃል ከሆነ፣ 147ቱን ያወቀው አንባቢ ከታሪኩ ውጭ ይቀራል።

በዚህ ረገድ አንድ መልካም ሥራ ማንሣት ተገቢ ነው። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በመተባበር በኢትዮጵያ ክልሎች ተዘዋውረው ተረቶችን ሰብስበዋል፤ ከተረቶቹም ቀለል ባለ እንግሊዝኛ ለተማሪዎች የሚሆኑ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። የሥራው ዋጋ ከፍተኛ ነው። ልጁ ያላየውን በረዶ ሳይሆን የሚያውቀውን ጅብና ገበያ በእንግሊዝኛ ያነባል። ይሁን እንጂ ከአካባቢ ቋንቋ በአስተርጓሚ አልፎ ወደ ቀላል እንግሊዝኛ የሚደርስ ተረት በጉዞው የሚያተርፈው በድርጊት ላይ የቆመውን ቀልድ ነው፤ በቃልና በቅርጽ ላይ የቆመው በየመሻገሪያው ይንጠባጠባል። ሞኙ ጅብ ጉድጓድ ሲገባ በየትኛውም ቋንቋ ያሥቃል። እንዲህ ያለው ታሪክ ለንባብ ልምምድ ተመራጭ ነው፤ ሰዋስውን በሣቅ ለማስተማር ግን ቀልዱ በሰዋስው ላይ የቆመ ታሪክ ያስፈልጋል። ሁለቱን ዓላማዎች ለይቶ ማወቅ የአዘጋጁ ድርሻ ነው።

በቃል ላይ የሚቆም ቀልድ ለገጠር ልጅ ይከብዳል የሚል አስተያየት አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። አስተያየቱ የአካባቢውን የቋንቋ ባህል ካለማወቅ የመጣ ነው። በከምባታና በሐዲያ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም ላለመጥራት፣ በስማቸው የመጀመሪያ ቀለም የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላት ጭምር የምትተውበት «ባሊሻ» የሚባል ሥርዓት አለ። ልማዱ እየቀነሰ ቢመጣም፣ በዚህ ሥርዓት የምትኖር ሴት በየቀኑ ንግግሯ አንዱን ቃል በሌላ እየተካች፣ ሲጎድልባትም በዙሪያ እየገለጸች ትናገራለች። የእናቱን ወይም የአያቱን ባሊሻ እየሰማ ያደገ ልጅ አንድ ነገር ሁለት ስም ሊኖረው እንደሚችል፣ የቃሉም ምርጫ ትርጉም እንዳለው መምህር ሳይነግረው ያውቃል። ተመሳሳይ ቃላትን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ሌላው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ የተብራራ ቀልድ አያሥቅም የሚለው ነው። እውነት ነው። ለዚህም ነው ፍቺው ከታሪኩ በኋላ ሳይሆን በፊት ሊመጣ የሚገባው። መምህሩ በመጀመሪያ «ኤ»ን እና «ዘ»ን በሌላ ምሳሌ ካስተማረ፣ ታሪኩ ሲነበብ ማብራሪያ ሳያስፈልግ ሣቁ በራሱ ይመጣል። የመጣው ሣቅም ለመምህሩ ከጽሑፍ ፈተና የማያንስ ማስረጃ ይሆነዋል። በክፍል ውስጥ ሌሎች ሥቀው ከጨረሱ በኋላ ብቻውን የሚቀር ልጅ ብዙ ጊዜ እንደ ሰነፍ ይታያል፤ ጉድለቱ ግን ከእርሱ ላይሆን ይችላል። የተሰጠው ዝርዝር አንዲት ቀለም አጉድሎበት ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ በመነሣት ለአዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የቃላት ዝርዝር ከመዘጋጀቱ በፊት ሣቁ በየትኛው ቃል ወይም ቅጥያ ላይ እንደሚያርፍ ይለይ፤ ዝርዝሩም በርዝመቱ ወይም በእንግዳነቱ ሳይሆን ከዚያ ቃል ይጀምር። ሁለተኛ፣ የአማርኛው ትርጉም ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን አይቅረብ፤ ቢቀርብም ከመልመጃው በኋላ ይሁን፤ አለዚያ ተማሪው በአማርኛው ይሥቃል እንጂ እንግሊዝኛውን አያነብም። ሦስተኛ፣ እንደ ቦኖሻ ባሉ ከተሞች ለሚሠራበት መጽሐፍ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ይሳተፍ፤ እያንዳንዱ ፍቺ በየትኛው ቋንቋ አጭር መንገድ እንደሚያገኝም ይወስን።

በመጨረሻ ስለ ስያሜው አንድ ቃል እንጨምር። ቀልድ የሚቆምበትን ቃል ወይም ቅርጽ የሚጠራ የተለመደ የሙያ ቃል በአማርኛ አልገጠመንም። «መሣቂያ» የሚለው ቅርጽ በሰዋስው ሕግ ትክክል ቢሆንም ትርጉሙ የሚሣቅበትን ሰው ወደ ማመልከት ስለሄደ አይሆንም። «ቁልፍ ቃል» የሚለው ደግሞ ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ ያገለግላል፤ ቅጥያንም አያጠቃልልም። በዚህ ጽሑፍ አርእስት የተጠቀምንበትን «የሣቅ ማረፊያ» የሚለውን ስያሜ ለውይይት እናቀርባለን። ቃልንም ቅጥያንም ባዶ ቦታንም፣ እንደ እራቱ ያለ መስተአምር የማይገባበትን ቦታ ጭምር፣ ሊይዝ ይችላል። የተሻለ ያገኘ ቢኖር በዚሁ መጽሔት ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን።