አንባቢን ስለ ማክበር

ሰው በቃሉ ሲናገር ቢሳሳት፣ ሰሚው ከፊቱ አለና «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ወዲያው ነገሩን ያቃናል። የጻፈ ሰው ግን ወረቀቱን ተከትሎ ሄዶ ሊያስረዳ አይችልም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ከተባለ፣ ከብዕር የወጣማ እንዴት ይመለሳል? ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የፊደልና የነጥብ ነገር የሰዋስው መምህራን ጣጣ ብቻ አይምሰልህ፤ የጠባይም ነገር ነው።

እስቲ አንድ ሰው ለዘመዱ «ገንዘቡን ላክሁለት ለወንድምህ ንገረው» ብሎ ያለ ምልክት ጻፈ እንበል። አንባቢው «ገንዘቡን ላክሁለት፤ ለወንድምህ ንገረው» ብሎ ቢያነብ፣ ገንዘቡ የደረሰው ለሌላ ሰው ነው፤ ለወንድምየው የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው። «ገንዘቡን ላክሁለት ለወንድምህ፤ ንገረው» ብሎ ቢያነብ ግን ተቀባዩ ራሱ ወንድምየው ሆነ። ድርብ ሰረዝ የምትባለው ትንሽ ምልክት አንድ ቃል ወዲህ ወይም ወዲያ ስትል ባለ ዕዳው ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ሁለት ወንድማማች ቢጣሉ፣ ጥፋቱ ከጸሐፊው በቀር የማን ነው?

ምልክት የማያድነውም ስሕተት አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ዶሮው ይበላል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ላልቶ ሲነበብ ዶሮው በዪ፣ ጠብቆ ሲነበብ ተበዪ ነው። ጠንቃቃ ጸሐፊ «ዶሮው ጥሬ ይበላል» ብሎ አንድ ቃል ይጨምርና አንባቢውን ከጥርጥር ያወጣዋል።

ደግሞ ለመራቀቅ ሲባል የሚመጣ ስሕተት አለ። «መምህራን» ብዙ ናቸው፤ «መምህራኖች» ሲባሉ ግን በብዙ ላይ ብዙ ተደረበባቸው። «ቃላቶች»ና «መጻሕፍቶች»ም እንደዚሁ ናቸው። ይህ ማንንም አያሳስትም፤ ነገር ግን ጸሐፊው የያዘውን ቃል ሳይመረምር እንደ ጻፈ ያሳብቅበታል።

በድምፅ አንድ ስለ ሆኑት ፊደሎች ደግሞ ክርክሩ ብዙ ነው። በግእዙ ሥርዓት «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል፣ «ሰአሊ» የሚለምን ነው። «ምሥራቅ» ፀሐይ የምትወጣበት ሲሆን፣ በእሳቱ «ሰ» ቢጻፍ ሥሩ የሌባ ዘመድ ይሆናል። ሆኖም እውነቱን እንናገር፤ በአማርኛ እነዚህ ድምፆች ከተቀላቀሉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ በጥንት የብራና መጻሕፍትም ፊደሎቹ ሲቀያየሩ እናያለን። ስለዚህ የፊደልን ሥር ማወቅ ደግ ነው፤ ነገር ግን ስሕተትን ስንመዝን፣ አንባቢን የሚያሳስተው ዐይንን ብቻ ከሚቈረቍረው ይከብዳል።

ለቃል የሚደረግ ጥንቃቄ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማየት የምትወድ እንደ ሆነ፣ የግእዙን መዝገበ ቃላት ተመልከት። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደከሙበት፤ እርሳቸውም ሲያልፉ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ለፍጻሜ አድርሰው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ሰዎች ዕድሜያቸውን በሰጡበት ነገር፣ እኛ አንድ ገጽ መልሶ ለማንበብ የምንሰንፍ ከሆነ ኀፍረት ነው።

ይህን ተምረህ ግን ሌላውን ለማዋረጃ እንዳታደርገው። እናትህ በጎረቤት ልጅ እጅ አጽፈው ደብዳቤ ቢልኩልህ፣ የፊደሉን ግድፈት አትቍጠር፤ ፍቅሩን አንብብ። ያንተን መልስ ግን ሳትልከው ድምፅህን አሰምተህ አንብበው፤ ትንፋሽህ በሚያርፍበት ምልክት አድርግ፤ የተጠራጠርህበትን ቃል ለውጥ። መልስህን ለእናትህ የሚያነብላቸው ያው የጎረቤት ልጅ ነው። እርሱ ቢሰናከል እርሳቸው የሚጠይቁት ሰው የለም፤ አንተም በዚያ የለህም። በዚያ ሰዓት ስለ አንተ የሚናገርልህ፣ በቦታው ያኖርኸው አራት ነጥብ ብቻ ነው።