ረጅሙ ሰንሰለት

ተጋድመው የሚነዱትን ብስክሌት መጀመሪያ ያየ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ወንበሩ ላይ ነው። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ፔዳሉ ከፊት ጎማው አልፎ ሲታይ ያስገርማል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሰንሰለቱ ነው። በተለመደው ብስክሌት ፔዳሉና የኋላው ጎማ ጎረቤታሞች ስለሆኑ አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላ ሰንሰለት ይበቃል። እዚህ ግን ፔዳሉ ከብስክሌቱ አፍንጫ ጫፍ ላይ፣ የሚነዳው ጎማ ደግሞ ከወንበሩ ኋላ ነው፤ በመካከላቸው የፊት ጎማው፣ መሪውና ነጂው ራሱ አሉ። እስከ ሦስት የሚደርስ ሰንሰለት ተቀጣጥሎ ይህን ሁሉ ሳይነካ፣ ሳይንቋቋ፣ የእግርን ጉልበት በመንገድ ሳያባክን መድረስ አለበት። የሠሪው ሙያ የሚለየው በዚህ ነው ባይ ነኝ።

ፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ወዳጄ ስትሪትማሺን የተባለውን ብስክሌት ሲገጣጥም አጠገቡ ሆኜ ሳይ ቆይቻለሁ። ብስክሌቱ የሚሠራው እዚያው አቅራቢያ ክሪፍተል በምትባል ከተማ ነው፤ ድርጅቱን ኤችፒ ቬሎቴክኒክን እ.ኤ.አ. በ1993 ያቋቋሙት ፓውል ሆላንትስና ዳንኤል ፑልፈርሙለር ናቸው። እንዲህ ያለው ብስክሌት ከታላላቆቹ ፋብሪካዎች ይልቅ ከእንዲህ ዓይነት ቤቶች የሚወጣበት የቆየ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፎር፣ ሻርል ሞሼ በሠራው ተጋድመው በሚነዱት ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነድቶ ከ1914 ጀምሮ የቆየውን የኦስካር ኤግን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ የዓለም የብስክሌት ማኅበር ለውድድር ብስክሌት አዲስ መለኪያ አወጣና ይህን አቀማመጥ ከሜዳው አስወጣው። ፈጣን ሆኖ በመገኘቱ የተባረረ ሥራ ነውና ውሳኔው ዛሬም ያንገበግበኛል። ገበያው ውድድሩን ተከትሎ ሄደ፤ ይህኛው የጥቂት ወዳጆቹ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ወደ ወዳጄ ብስክሌት ልመለስና ፍሬሙን ልመልከት። ብየዳው ቀለም ተቀብቶም ቢሆን ረድፉን ይናገራል። እያንዳንዱ ጠብታ ካለፈው እኩል ተደራርቦ እንደ መሶብ ስፌት ዙሪያውን ይዞራል፤ እጅ የዘገየበት ወይም የፈጠነበት ቦታ አይታይም። ከፊት በኩል ፔዳሉን የተሸከመው ቱቦ ከዋናው ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይንሸራተታል፤ በነጂው እግር ርዝመት ልክ ይወጣል ወይም ይገባል፣ ከዚያ በብሎን ይጠበቃል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጀርባው የተደገፈ ሰው ፔዳሉን የሚረግጠው በክብደቱ ልክ ብቻ አይደለም፣ ወንበሩን ገፍቶ ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል ቱቦውን በየእርግጫው ሊጠመዝዘው ይታገላል። ስለዚህ ሁለቱ ቱቦዎች ያለ ክፍተት መገናኘት አለባቸው። ወዳጄ ሲያስገባው ቱቦው በእጅ ግፊት ብቻ፣ ሳይላላም ሳይነክስም፣ ተስቦ ገባ። ያን ልክ ማግኘት የሚሊ ሜትር ክፋይ ጉዳይ ነው።

እግር ተለክቶ ቱቦው ቦታውን ሲይዝ ደግሞ የሰንሰለቱ ሒሳብ ይመጣል። ሰንሰለቱ ወደ ፊት ሄዶ ስለሚመለስ፣ ቱቦው 1 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ መንገዱ በ2 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የሰንሰለት አንዱ ዓይን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰፊውና ጠባቡ ዓይን እየተፈራረቁ ስለሚሄዱ የሚቆረጠውም የሚጨመረውም ጥንድ ጥንዱን፣ 25.4 ሚሊ ሜትር እያሉ ነው። በዚያ መካከል የቀረውን ትርፍ የኋላው ማርሽ ለዋጭ በሞላው እየሳበ ይወጥረዋል። ፋብሪካው ይህን ሥራ ትቶ የላከው ቸል ብሎ አይደለም፤ እግሩን ያላየውን ሰው ሰንሰለት ሊቆርጥ አይችልም። ጥሩ ሠሪ የመጨረሻውን ልክ ለገጣጣሚው እጅ ይተዋል፤ ያ እጅ እንዳይሳሳት ግን ቀድሞ መንገዱን ይጠርግለታል።

ያ መጥረግ በደንብ የሚታየው ከወንበሩ ሥር ባለው መዘውር ነው። የሰንሰለቱ ሁለት መስመሮች እኩል አይደሉም፤ ተመላሹ ባዶውን ነው የሚሄደው፣ ጎታቹ ግን ሸክሙን ሁሉ ይዟል። 50 ጥርስ ባለው ማርሽና 170 ሚሊ ሜትር በሆነ የፔዳል ክንድ ላይ 30 ኪሎ የጫነ እግር በሰንሰለቱ ላይ 50 ኪሎ ያህል ጉተታ ይፈጥራል። ይህን መስመር አጥፎ የሚያሳልፈው መዘውር እውነተኛ ኩሽኔታ ያስፈልገዋል። ቦታውም እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ የኋላው ጎማ በሞላ ላይ ስለሚወዛወዝ፣ ሰንሰለቱ ከመወዛወዣው ማጠፊያ ርቆ ቢያልፍ በየእርግጫው ጎማውን እየሳበ ነጂውን ያነጥረው ነበር። መዘውሩ መስመሩን ከማጠፊያው አጠገብ ያሳልፈዋልና ጉተታው ሞላውን የሚጫንበት አቅም አያገኝም።

ቀሪውን መንገድ ሰንሰለቱ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ የነጂው ሱሪም ሰንሰለቱም ንጹሕ ይሆናሉ። የቱቦውን ጫፍ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በሙቀት ለስልሶ ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ እንዲያው ተቆርጦ የቀረ ቢሆን እያንዳንዱ የሚገባ ዓይን ጠርዙን እየላገ ግራጫ ዱቄት ያወጣ ነበር። የሚታሰረውም በአንድ ጫፉ ብቻ ነው፤ ማርሽ ሲለወጥ ሰንሰለቱ ወደ ጎን ይሄዳልና ሌላው ጫፍ አብሮት ይሄዳል። 

ወዳጄ በፋብሪካው ሥራ ላይ ያደረገውን ማሻሻያ የጀመረው ከፔዳሉ ክንድ ነው፤ 170ውን አውጥቶ 155 ሚሊ ሜትር አስገባ። ተደግፎ የሚረግጥ ሰው ጉልበቱ ብዙ በታጠፈ ቁጥር ይጎዳል፣ አጭር ክንድ እጥፋቱን ይቀንሳል። ግን ክንዱ በ15 ሲያጥር የፊቱ ቱቦ በ15 ይወጣል፣ ሰንሰለቱ 30 ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል፤ አንድ ጥንድ ዓይን ተጨመረ፣ ቀሪውን ወደ አምስት ሚሊ ሜትር የማርሽ ለዋጩ ሞላ ዋጠው።

ሁለተኛው ማሻሻያ የሮሎፍ ማርሽ ነው፤ ካሰል አጠገብ ፉልዳታል የሚሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ 14ቱም ማርሽ በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ በዘይት ተዘግቶ የሚሠራ። ከትንሹ እስከ ትልቁ 526 በመቶ ይደርሳል፤ በየደረጃው ያለው ልዩነት 13.6 በመቶ እኩል ነው። ውድ ነው፣ ይከብዳልም፤ ለተለመደው ብስክሌት ግዙ ብዬ አልጎተጉትም። ለዚህኛው ግን ያለ ማመንታት እላለሁ። ተጋድሞ የሚነዳ ሰው ትራፊክ መብራት ላይ በከባድ ማርሽ ከቆመ ከወንበሩ ተነስቶ መርገጥ አይችልም፤ ሮሎፉ ቆሞም ይለወጣል። ከዚያም በላይ ሰንሰለቱ ከአንድ ጥርስ ወደ ሌላው መዝለሉ ይቀራል። የፊቱ ማርሽ፣ መዘውሩና የኋላው ጥርስ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሰለፉ ማድረግ ያን ጊዜ ይቻላል። ወዳጄ ከፊት እስከ ኋላ ክር ወጥሮ መዘውሩ ወደ ውጭ ማዘንበሉን አየ፤ ኩሽኔታውን ፈትቶ አንዷን ሮንዴላ ከውስጥ ወደ ውጭ አዛወራት፣ ክሩን እንደገና ወጠረና ብሎኑን አጠበቀ።