የአንጎል ብግነት መመዘኛ ከጉለሌ ሲታይ

በ2016 እ.ኤ.አ. ፍራንሴስክ ግራውስና የሥራ ባልደረቦቹ «ላንሴት ኒውሮሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ መመዘኛ አወጡ። ይህም የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጎሉ ላይ ሲነሣ የሚመጣውን ብግነት ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ ነው። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ምስጋናውም ይገባዋል። የእኔ ትችት በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው።

በሽታው «ሊሆን ይችላል» ለማለት ሦስት ነገር ይፈለጋል። የማስታወስ ጉድለት ወይም የአእምሮ መታወክ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጀመሩ አንድ ነው። ሁለተኛው፥ አዲስ የነርቭ ጉድለት፥ ከቀድሞ ሕመም ያልመጣ መንፈራገጥ፥ ከጀርባ በሚቀዳው ውሃ የነጭ ሴል መብዛት ወይም በኤም.አር.አይ. የሚታይ ምልክት፥ ከነዚህ አንዱ መገኘቱ ነው። ሦስተኛው ሌሎች በሽታዎች በሚገባ መወገዳቸው ነው። የአንቲቦዲ ውጤት እስኪመጣ ሕክምናው አይዘግይ ማለታቸው ትልቅ ቁም ነገር ነው። ነጭ ሴልም በማይክሮስኮፕ ይቈጠራል።

ስለ መጀመሪያው አንቀጽ «ቤተ ሰቡ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን አያውቅም» ሲባል እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ልጇን ከእንጦጦ ጠበል ይዛ የወረደች እናት «በጥምቀት ማግስት ጀመረው» ካለች፥ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

«ሌላውን አስወግድ» የሚለው ግን በወረቀት ላይ አንድ መስመር፥ በአልጋው አጠገብ ብዙ ቀን ነው። በቲቢ የሚመጣ ማጅራት ገትርም ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ሴሉንም ያበዛል። ያለ ቲቢ መድኃኒት ስቴሮይድ ብቻ ቢሰጠው ሕመምተኛው ይጐዳል፤ ሁሉ እስኪጣራ ቢጠበቅ ደግሞ ብግነቱ አንጎሉን ይጐዳል። ደራሲዎቹ ለአንቲቦዲ እጥረት አስበዋል፤ ስለ ሌላው ምርመራ እጥረት ግን አንቀጹ ዝም ይላል።

ጉዳዩ ለጉለሌ እንግዳ አይደለም። የሰፈሩ ሰው ዛሬም «ፓስተር» የሚለው፥ አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም፥ እስከ 2000ዎቹ ዓ.ም. ድረስ የፌርሚ ዓይነት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያዘጋጅ ነበር። ክትባቱ የሚሠራው ከእንስሳ አንጎል ነው። ቶማስ ሪቨርስና ባልደረቦቹ በ1933 እ.ኤ.አ. የጥንቸል አንጎል ደጋግመው የወጉአቸው ዝንጀሮዎች በገዛ አንጎላቸው ብግነት ታመዋል። ከእንደዚህ ያለ ክትባት በኋላም አንዳንድ ሰው ያው ይደርስበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትባቱ እንዲቀር የመከረውም ስለ ደኅንነቱና ስለ ኀይሉ ነበር።

እንግዲህ በውሻ የተነከሰ ሰው መርፌውን ሲወጋ ሰንብቶ ቢያተኵሰውና እግሩ ቢሰንፍ፥ የታመመው ከንክሻው ነው ወይስ ከመርፌው? የእብድ ውሻ በሽታም ውሃ ሳያስፈራ ሽባ እያደረገ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሌላው ሊድን ይችላል። በሕይወት ባለ ሰው ላይ አንድ ምርመራ «የለም» ቢልም የእብድ ውሻ በሽታን አያስወግድም። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ሐኪሙ «አልተወገደም» ብሎ እጁን ቢሰበስብ፥ ሊድን የሚችለው ሰው ወደ ቤቱ ለሞት ይሸኛል።

ገና ተማሪ ብሆንም፥ ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ቢስተካከል እወዳለሁ፦ ማስወገድ ባልተቻለ ጊዜ ያልተወገደው በሽታ በስሙ ይጻፍ፤ ቲቢ ከሆነም የቲቢው መድኃኒት ከስቴሮይዱ ጋር አብሮ ይጀመር። በታሪክ መቀበያው ወረቀትም ላይ «ውሻ ነክሶሃል ወይ? ምን ተወጋህ? መቼ?» የሚል መስመር ይጨመር።