«ሪህ»፣ «ብግነት»፣ «ፀረ እንግዳ»፦ በሦስት የሕክምና ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው ጽንሰ ሐሳቡን ለይቶ በማሳየቱ፣ ከቋንቋው ባሕርይ ጋር በመስማማቱና በተናጋሪው ዘንድ በመለመዱ ነው። ስለ መገጣጠሚያ በሽታ የምንጽፍባቸው ቃላት በዚህ ሚዛን ሲታዩ ከፊሎቹ ይጐድላሉ።

በመጀመሪያ «ሪህ»ን እንመልከት። በዐረብኛ ሪሕ ነፋስ ማለት ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባትና የዐረብኛ ቃል በሃይማኖት ትምህርት በሚሰማባት በጨፋ ሮቢት ቃሉ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ነቀፌታው ሁለት በሽታዎችን በአንድ ስም መጠቅለሉ ነው። አንደኛው የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች በመገጣጠሚያ ሲከማቹ የሚነሣው ሲሆን፣ ሥጋና የአልኮል መጠጥ መቀነስ ይመከርበታል። ሁለተኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው፣ የመከላከያ ሕዋሳት በገዛ አካላቸው ላይ ሲነሡ የሚመጣ ነው። ጧት ጧት ጣቶቿ አልታጠፍ የሚሏት እናት «ሪህ ነው» ተብላ ሥጋ ብቻ ብትተው፣ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለውን መድኃኒት ሳትጀምር አጥንቷ ሊበላ ይችላል። የቃል መደበላለቅ እንግዲህ የአካል ጉዳት እስከ መሆን ይደርሳል።

«ብግነት» ግን የሚመሰገን ነው። ሕዝቡ «ቁስሉ ተቆጣ» ይላል፤ «በገነ»ም መቃጠልንና መናደድን አጣምሮ ይይዛል። «መቆጣት» ለንግግር ይበጃል፤ «ብግነት» ደግሞ «የመገጣጠሚያ ብግነት» እየተባለ ለመናበብ ይመቻል።

ሦስተኛው «ፀረ እንግዳ አካል» ነው። ጀርም ሲገባ ስያሜው ይሰምራል። በዚህ በሽታ ግን ቲ ሕዋሳት ያነሣሣሉ፤ ቢ ሕዋሳት የሰውነትን የራሱን ፕሮቲን የሚቃወም ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ማክሮፌጅ የተባሉት ዋጭ ሕዋሳት ብግነቱን የሚያባብሱ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይረጫሉ። የመገጣጠሚያው ውስጣዊ ሽፋን ይወፍራል፤ አጥንት አፍራሽ ሕዋሳትም ሥራቸውን ያበዛሉ። የሚጠቃው የቤት ልጅ ሆኖ ሳለ አጥቂው «ፀረ እንግዳ» መባሉ ስያሜውን ከነገሩ ጋር ያጣላዋል።

ስለዚህ «ሪህ» ለመጀመሪያው በሽታ ብቻ ቢወሰን፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ የውጭ ስሙን እንደ ያዘ «ራስ አጥቂ የመገጣጠሚያ ብግነት» በሚል ፍች ቢታጀብ፣ «ፀረ እንግዳ አካል»ም «ፀረ አካል» ተብሎ ቢያጥር ይሻላል እንላለን። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ በመሆኑ፣ የሁለቱ ቋንቋዎች ቃል አውጪዎች ሊመክሩበት ይገባል። ከሚሴ ላይ በአንዱ ቋንቋ የተለየው በሽታ በሌላው ተመልሶ ከተደባለቀ፣ ለታማሚው የተረፈው ነገር የለም።