ኮረምን እንደገና ማየት፦ ስለ አንድ የሰባት ደቂቃ ፊልም

በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ቢቢሲ ከሰሜን ኢትዮጵያ የመጣ አንድ ዘገባ አሳየ። ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ሲሆን ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባብለው አሳዩት፤ ዛሬም በስልካችሁ ፈልጋችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ብዙዎቻችሁ ፊልሙን በስሙ ባታውቁትም ሥዕሎቹን ታውቋቸዋላችሁ፦ የኮረም ሜዳ ገና ሲነጋ፣ ብርዱ፣ በጋቢና በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ሕዝብ፣ በጨርቅ ተገንዘው መሬት ላይ የተደረደሩት አስከሬኖች። «የተራበች ኢትዮጵያ» ሲባል በዓለም ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ይሄ ነው። እዚህ አገር ክፍል ውስጥ ምሳውን ሲከፍት «እዛ ምግብ አለ እንዴ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅም ሳያውቀው የዚህ ፊልም ዕዳ ከፋይ ነው።

እኔ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁት በዚህ ሴሜስተር፣ ስለ አደጋና ስለ ሰብዓዊ እርዳታ በምንማርበት ሴሚናር ውስጥ ነው። የኮርሱ ዝርዝር ላይ የተመደበው «የተፈጥሮ አደጋዎች» በሚለው ሳምንት ነው፤ በዕብራይስጥ «አሶን ቴቫ»። የምከራከረው ከዚህች ስያሜ ጋር ነው።

በመጀመሪያ የአሚንን ሥራ ዋጋ አላሳንስም። ካሜራው አይቸኩልም። ሰዎቹን እንደ መንጋ ከሩቅ አሳይቶ ብቻ አይተዋቸውም፤ ይጠጋል፣ ፊት ላይ ይቆያል። ከዚያ ቀን በፊት የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ ለጋሾችን ሲለምን ሰባት ወር አልፎት ነበር፤ በማርች 1984 ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ለለጋሽ አገሮች ያቀረቡትን ጥሪ የሰማ ጥቂት ነው። ፊልሙ ግን በአንድ ሌሊት አሰማ። እህል ተጫነ፣ አውሮፕላን ተነሣ፣ በጁላይ 1985 ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። በዚያ እህል የተረፈ ሰው አለ፤ ልጆቹም አሉ። ይህን የረሳ ትችት ቅንጦት ነው።

ችግሩ ያለው ድምፁ ላይ ነው። በርክ ዘገባውን ሲከፍት ያየውን ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር ያመሳስለዋል፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የታየ የጥንት ረሃብ ነው ይላል። ቃሉ ያምራል፤ ተመልካቹንም ወዲያው ይይዘዋል። ግን ምን ይላል? ሰማይ ተዘጋ፣ ምድር ደረቀች፣ ሰው አለቀ፤ ተጠያቂ የለም። ጦርነቱ በዘገባው ውስጥ ዋና ነገር ሆኖ አይቀርብም። ረሃቡ የበረታበት አገር፣ ትግራይና ሰሜን ወሎ፣ መንግሥትና ሸማቂዎች የሚዋጉበት አገር መሆኑ፣ ገበያ በአውሮፕላን ይደበደብ እንደነበር፣ ገበሬው እህሉን ለመንግሥት ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ እንደነበር፣ በሴፕቴምበር 1984 ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲያከብር ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይሄድ ይከለከል እንደነበር፣ ይህ ሁሉ ከሥዕሉ ውጭ ቀረ። ድርቁ እውነት ነው፤ ዝናቡ ቀርቷል። ድርቅን ረሃብ ያደረገው ግን ሌላ እጅ ነው። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ገማቹ ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል፤ ዝናብ ብቻውን ይህን ያህል ሰው አይፈጅም።

እንግዲህ በርክ ኦሪትን ከጠቀሰ አይቀር፣ ኦሪትን እንክፈት። በቫይጋሽ ፓራሻ፣ በዘፍጥረት 47፣ ረሃቡ ሲጸና የግብፅ ሰው መጀመሪያ ብሩን ለእህል ይሰጣል። ብሩ ሲያልቅ ከብቱን ይሰጣል። ከብቱ ሲያልቅ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ይሸጣል። ዮሴፍ የሚያስተዳድረው ጎተራ ሙሉ ነው፤ ሕዝቡ የሚራበው ከጎተራው ደጅ ቆሞ ነው። ኦሪት የሚያውቀው ረሃብ ዋጋ ያለው፣ ባለ ጎተራ ያለው፣ ባለሥልጣን ያለው ረሃብ ነው። ቅሶቻችን ሲያነቡት የኖሩት ይሄን ነው። ከበርክ ይልቅ ለኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይቀርባል። ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ 1973ቱ የወሎ ረሃብ ሲጽፍ፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ብዙ እንዳልናረ፣ ሰው የሞተው የሚገዛበት አጥቶ እንደሆነ፣ ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል እንደነበረ አሳይቷል።

ስለ ወሎ ካነሣሁ ከኮረሙ ፊልም ጎን መታየት ያለበት ሌላ ፊልም አለ። በኦክቶበር 1973 እንግሊዛዊው ጆናተን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ዘገባ አሳየ። የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ደብቆት ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 1974፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሊወርዱ በዋዜማው ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። ግን ቆራርጦ ነው፦ አንድ ጊዜ የሚሞት ሕፃን፣ አንድ ጊዜ የቤተ መንግሥት ድግስ፣ እንደገና ሕፃን፣ እንደገና ድግስ። በማግስቱ ጧት ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ወሰዷቸው።

ይህ አቆራረጥ ተንኮል ነው፤ ሥልጣን ለመያዝ ሙታንን መጠቀም ነው። ሆኖም እንደ ፊልም ሁለቱን ሳወዳድር ከደርጉ ስሪት አንድ ነገር አገኛለሁ፦ ረሃብ ባለቤት አለው ይላል። ያንን ያለው መንግሥት ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ ድግሱን ደግሶ፣ እንደገና ሕፃናት ሲያልቁ፣ ቢቢሲ መጥቶ «ጥንታዊ ረሃብ» አለለት። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከዚህ የተሻለ ጠበቃ ከየት ያገኝ ነበር? እንዲያውም ያንኑ ድርቅ ምክንያት አድርጎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙውን በግድ። ሰፈራውን የተቃወሙትን የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1985 መጨረሻ ከአገር አስወጣቸው።

እኛም በቋንቋችን ከዚህ አልዳንም። አማርኛው «የሰባ ሰባት ድርቅ» ይለዋል። (ሰባ ሰባት ሲባል የፈረንጁ 1977 እንዳይመስላችሁ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1977 ማለት ከሴፕቴምበር 1984 በኋላ ያለው ዓመት ነው።) ድርቅ ስንል ሰማይን ከሰስን። የድሮ ሰዎች በምኒልክ ዘመን ለመጣው ረሃብ ያወጡት ስም ይሻላል፤ «ክፉ ቀን» አሉት። በዚያ ዘመን ከብቱን የጨረሰው በሽታ፣ ድርቁ፣ አንበጣው፣ ጎንደርን ያቃጠለው የደርቡሽ ወረራ፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ስም ውስጥ ይገባሉ። ቤተ እስራኤልም በዚያ ክፉ ቀን ብዙ ሰው አጥተዋል።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ1976 ሦስት ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ «የተፈጥሮ አደጋ» ከሚለው ስያሜ ውስጥ «ተፈጥሮ»ን ማውጣት እንደሚያስፈልግ ጽፈዋል። ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ዜናው ግን አልሰማም። በ2010 ሄይቲ ላይ 7.0 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ገደለ፤ በዚያው ዓመት፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቺሊ ላይ 8.8 የደረሰው ግን የገደለው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ልዩነቱ የሲሚንቶው፣ የሕንፃ ደንቡና የመንግሥቱ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ቱርክ ስትናወጥ ደግሞ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ከአምስት ዓመት በፊት ያለ ደንብ ለተሠሩ ሕንፃዎች ገንዘብ እያስከፈለ ምሕረት የሰጠው ሕግ ከዚያ አገር ነው የወጣው። እዚህ በዕብራይስጥ ስንሰማ የሰነበትነው ግን የኛ የነፍስ አድን ቡድን ስንት ሰው ከፍርስራሽ እንዳወጣ ነው። አዳኙን እናውቀዋለን፤ ኮንትራክተሩን አናውቀውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት፣ በሱዳን መንገድ ለሞቱት በሚደረግ የመታሰቢያ ቴኬስ ላይ ተገኝቼ ነበር። ልጆቹ ያነባሉ፣ ሻማ ይበራል፣ ከኋላቸው በስክሪኑ ላይ ፊልም ይሄዳል። ፊልሙ የኮረም ነው። ከሥር በዕብራይስጥ «ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ» ተብሎ ተጽፎበታል። ኮረም በዚያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከወልቃይት፣ ከጸለምት፣ ከሰሜን፣ ከጎንደር ዙሪያ በእግሩ ወደ ምዕራብ የወጣ ወገናችን በኮረም አላለፈም።

ለምን እንደተደረገ ይገባኛል። የኛ ፊልም የለም። የኮረሙ ዘገባ ከታየ በ29ኛው ቀን፣ ኖቬምበር 21፣ ሚቭጻ ሞሼ ተጀመረ። በሌሊት ከካርቱም አውሮፕላን ይነሣ ነበር። በአራተኛው ቀን ለንደን ውስጥ ዘፋኞች ተሰብስበው «ዱ ዘይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» የተባለውን ዘፈን ቀዱ። (ርዕሱ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) ዓለም ሁሉ ኢትዮጵያን ያያል፤ የኛዎቹ ደግሞ በሕይወት ለመኖር መታየት የለባቸውም። በኡም ራኩባና በገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች ማንነታቸውን ደብቀው፣ ከረሃብና ከጦርነት በሸሸው ስደተኛ መሃል ተደብቀው ነው የተቀመጡት። የዓለም ረሃብ ለነሱ መሸሸጊያ ሆነ። ዘመቻውም በምስጢር ስለተያዘ፣ ወሬው በጃንዋሪ 1985 ሲወጣ ወዲያው ቆመ። በሀር ሄርጸል የመታሰቢያ ቀን የሚጠቀሰው የሟች ቁጥር 4,000 ያህል ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው እንደ አሚን ፊት ላይ የቆየ ካሜራ አልነበረም።

የእናቴ ታላቅ እህት ኡም ራኩባ ነበረች። ፊልሙን በስልኬ አሳየኋት። ጥቂት አየችና፣ «ድምፁን ጨምሪልኝ» አለችኝ። ጨመርኩ። ትንሽ ቆይታ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ዝም አይልም እንዴ? ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ልስማበት» አለች። የሚያወራው በርክ ነው። አማርኛም ትግርኛም የምትሰማ ሴት፣ የሚያለቅሱት ሰዎች ምን እንደሚሉ ለመስማት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች፤ እንግሊዝኛው ሸፈነባት። በዚያ የመጀመሪያ ዘገባ ውስጥ ስለ ሁኔታው የምትጠየቀው አውሮፓዊት ሐኪም ናት። የተራበው ያለቅሳል፣ ይተኛል፣ ይቀበራል፤ አይጠየቅም። ብዙ የትችት መጻሕፍት ይህን በብዙ ገጽ ይሉታል፤ አክስቴ ግን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው።

«እንዲህ ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኛ ስንወጣ ርቦን አይደለም የወጣነው። ላማችንን ሸጠን፣ በሶ ይዘን፣ ኢየሩሳሌም ብለን ነው። የራበን እዚያ ከደረስን በኋላ ነው» አለች። ኩፍኙን፣ ተቅማጡን፣ ውሃውን፣ ሌሊት በድብቅ መቅበሩን ነገረችኝ። በሷ አፍ ሁሉም ሞት ምክንያት አለው። አንዱ የሽፍታ፣ አንዱ የውሃው፣ አንዱ ደግሞ «እንዳይታወቅብን» ተብሎ የተደበቀ በሽታ ነው። «የተፈጥሮ አደጋ» የሚባል አንድም የለም።

ስለዚህ በቴኬሱ ላይ የኮረምን ፊልም ማሳየት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የኮረም ሰዎች የራሳቸው ሞት ይወሰድባቸዋል፤ ያለ ስም በሌላ ሰው ታሪክ ላይ ጌጥ ይሆናሉ። የኛ ሙታን ደግሞ ወስነው የተነሡ መንገደኞች መሆናቸው ቀርቶ ድርቅ የነዳቸው ምስኪኖች ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ «ረሃብ አምጥቷችሁ ነው» ሲባል ልጁ ምን ይመልሳል? ስክሪኑ ላይ ያየውም እሱን ነው።

ባዶ ስክሪን ያስፈራል፣ አውቃለሁ፤ የቴኬስ አዘጋጅ ነበርኩና። ግን ባዶ አይደለም። በየቤቱ አክስት አለ፣ አጎት አለ፣ ስልክ ሁሉ ድምፅ ይቀዳል። ስክሪኑን ጥቁር አድርጎ የአንዲት ሴት ድምፅ ማሰማት፣ ከሥሩ ትርጉሙን በዕብራይስጥ መጻፍ ይቻላል። ኮረምን ማሳየት የፈለገ ደግሞ ያሳይ፤ ከሥሩ ግን «ኮረም፣ ወሎ፣ ኦክቶበር 1984፣ ካሜራ ሞሐመድ አሚን» ብሎ ይጻፍ። አሚን በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞቷል፤ ስሙ ቢጻፍለት ይገባዋል። የበርክን ድምፅ ዝቅ አድርጉት።