ንባቡን ብቻ ይዘው የሚከራከሩ ሁለት ወገኖች

ሃይማኖትን የሚነቅፍ መጽሐፍ በወጣ ጊዜ ሳያነብ የሚረግመው ብዙ ነው፤ አንብቦ የሚደነግጥም አይጠፋም፤ አንብቦ የሚመዝነው ግን ጥቂት ነው። አሜሪካዊው ሳም ሃሪስ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ያሳተመው «ደብዳቤ ለክርስቲያን ሕዝብ» የተባለው መጽሐፍ ሊመዘን የሚገባው ነው። ነቀፋው በአንዳንድ ቦታ ትክክለኛ፥ በአንዳንድ ቦታ ጐደሎ፥ በአንድ ቦታ ደግሞ አማኙን እጅግ የሚያሳፍር ሆኖ ይገኛልና።

ደራሲው እግዚአብሔር የለም ከሚሉት ሰዎች አንዱ ነው። በ2004 «የእምነት ፍጻሜ» የተባለውን የመጀመሪያ መጽሐፉን ካወጣ በኋላ ከክርስቲያኖች ብዙ የቍጣ ደብዳቤ ደረሰው፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ለእነዚያ የተሰጠ መልስ ነው። አጭር ነው፤ ንግግሩም ግልጥ ነው። እንደ መልእክት ተጽፎ ተቀባዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊት ለፊት ያነጋግረዋል፤ ነገሩን በፈላስፎች ቃል አይሸፍንም። ይሁን እንጂ አንድ የአጻጻፍ ጕድለት አለበት። ደብዳቤው ለአማኙ የተላከ ቢመስልም፥ ዋናው ዓላማ ሃይማኖት በመንግሥት ሥራ እንዳይገባ ለሚሹ ሰዎች መከራከሪያ ማስታጠቅ እንደ ሆነ ደራሲው ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ተቀባዩ ሲያነበው ከእርሱ ጋር የሚነጋገር ሰው ሳይሆን፥ እርሱን እያሳየ ለሌላ የሚናገር ሰው ያገኛል።

ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ክርስቲያን ሁሉ አይደለም፤ በአሜሪካ «ፈንዳሜንታሊስት» የሚባለው ወገንና የእርሱ ልጆች ናቸው። ይህ ስም ከ1910 እስከ 1915 በ12 ክፍል ከታተሙት «መሠረታውያን ነገሮች» ከተባሉት መጻሕፍት ጋር የተያያዘ ነው፤ ለኅትመቱም የካሊፎርንያው የነዳጅ ዘይት ባለጠጋ ላይማን ስቴዋርት ገንዘብ ሰጠ። የተነሡት በቅንዓት ነበር፤ በየዩኒቨርሲቲው የተነሡ መርማሪዎች ቅዱስ መጽሐፍን ባዶ አስቀሩት ብለው ፈርተው ነበርና። ከጸሐፊዎቹም መካከል የምድርን ዕድሜ ረጅም ነው ያሉ ነበሩ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ግን ጠበቁ፤ መጽሐፍ ስለ ድኅነት እንደሚናገር ስለ ፍጥረት ምርመራም እንዲሁ በፊደሉ ይናገራል አሉ። በ1925 በቴኔሲ አገር በዴይተን ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ስለ ሰው አመጣጥ የዳርዊንን ትምህርት አስተማረ ተብሎ ተከሶ 100 ዶላር ተፈረደበት። ጳጳሱ ጄምስ አሸር በ17ኛው መቶ ዓመት ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ተፈጠረ ብሎ የቈጠረውም ቍጥር በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኅዳግ ታትሞ ስለ ኖረ፥ ለብዙዎች የእምነት አንቀጽ ሆነ።

ሃሪስ በዚህ ወገን ላይ ሲነሣ ድል ማድረግ አይቸግረውም። ሰሎሞን ያሠራው የናስ ኵሬ ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፥ ዙሪያው 30 ክንድ መሆኑን ጠቅሶ፥ መጽሐፉ የመለኪያ ትምህርት ከሆነ ስሕተት አለበት ይላል፤ በእውነትም የክበብ ዙሪያ ከወርዱ ሦስት እጅ ጥቂት ይበልጣል። ከማኅፀን በር ካንሰር የሚጠብቀው ክትባት በተገኘ ጊዜ፥ ልጃገረዶችን ወደ ዝሙት ይመራል ብለው የተቃወሙ ሰዎች መኖራቸውንም ያነሣል። እንዲህ ያለው ንጽሕና ከምሕረት የተለየ ንጽሕና ነው፤ ነቀፋው የተገባ ነው።

ነገር ግን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሃሪስ በደብዳቤው መጀመሪያ ከተቀባዩ ጋር የሚስማማበትን ነገር ያስቀምጣል፤ ይኸውም መጽሐፍ ወይ የእግዚአብሔር ቃል ነው ወይም አይደለም፥ ከሁለቱ ወገን አንዱ የግድ ተሳስቷል የሚለው ነው። ፊደሉን አልፈው የሚተረጕሙትን ለዘብተኞች ክርስቲያኖች ግን ተቀባይ አላደረጋቸውም። የተቃዋሚውን ሃይማኖት ሲጥል የተቃዋሚውን የንባብ ሕግ ይዞ ቀረ ማለት ነው። ቅኔ በተሰማበት ጉባኤ አንዱ ሰሙ እውነት ነው ብሎ ቢምል፥ ሌላው ሰሙ ሐሰት ነው ብሎ ቢምል፥ ሁለቱም ወርቁን ሳያገኙ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

የጥንት ሊቃውንት ይህን አደጋ አስቀድመው አይተውታል። የሂጶው አውግስጢኖስ ዘፍጥረትን ሲተረጕም፥ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ምድር የማያውቀውን በመጽሐፍ ስም በሚያውቁ ኢአማንያን ፊት ቢናገር፥ መጽሐፉን ለሳቅ እንደሚያጋልጥ፥ ሰሚዎቹም ስለ ትንሣኤ የተነገረውን እንደማይቀበሉት አስጠንቅቋል። ከሃሪስ 1600 ዓመት ያህል አስቀድሞ የተነገረ ነው። የኢትዮጵያ መምህራንም ንባብን ከትርጓሜ ለይተው ያስተምራሉ፤ አንዱን ፍች ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፥ የፊተኛውን ግን አይፍቁትም። ይህም ሲባል ፊደል ይጣል ማለት አይደለም። ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ሲሰብክ ውኃውን ውኃ፥ ሣሩን ሣር ብሎ ነው የተረጐመው። ወርቅ አንጥረኛም ሰሙን ሳይቀርጽ ወርቁን አያፈስም።

በዚህ ነገር የኢትዮጵያ ሰው በአሜሪካው ላይ ሊስቅ አይገባውም። በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይቈጠራል። ይህ ቍጥር አጽዋማትንና በዓላትን ያስገኛል፤ በትርጓሜም ለአዳም በአምስት ቀን ተኩል እንዲያድነው ከተሰጠው ተስፋ ጋር የተያያዘ ነው። ክብሩ በዚያ ነው። ቍጥሩን ከተስፋው ለይቶ የድንጋይና የአፈር ዕድሜ መለኪያ የሚያደርገው መምህር ግን የሃሪስ ደብዳቤ ተቀባይ ሆነ ማለት ነው።

የሃሪስም ሚዛን ጐደሎ የሚሆንበት ቦታ አለ። በፅንስ ላይ ስለሚደረገው ምርምር ሲናገር፥ የሦስት ቀን ፅንስ 150 ያህል ሕዋሳት ብቻ እንዳሉት፥ የዝንብ አንጐል ግን ከ100,000 የሚበልጡ እንዳሉት ያነጻጽራል፤ ያ ፅንስ ሊሠቃይ አይችልምና አይታዘንለትም ይላል። ሕመም የማይሰማውን ማሳመም እንደማይቻል እውነት ነው። ነገር ግን የሰው ክብር በሕመም ብቻ ይለካልን? ይህ ጥያቄ በሕዋስ ቍጥር አይፈታም፤ እርሱ ግን እንደ ተፈታ ቈጥሮ ያልፈዋል። ባላጋራው ዓመት ቈጥሮ ምሥጢሩን እንዳለፈው፥ እርሱም ሕዋስ ቈጥሮ አለፈ።

ከሁሉ የከበደው ስለ ባርነት የተናገረው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ከአሕዛብ ባሪያ መግዛት እንደ ተፈቀደ፥ ጳውሎስም በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6 ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ እንደ መከረ ያሳያል፤ ከግብረ ገብ ጥያቄ ሁሉ ቀላል በሆነው ጥያቄ ላይ መጽሐፉ ሳተ ይላል። ለዚህ መልስ አለ። ባሪያ በየገበያው በሚሸጥበት በ4ኛው መቶ ዓመት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም፥ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው ዋጋ ሊተምን የሚችል ማን ነው ብሎ ባለባሪያዎችን ወቀሰ። ደግሞም ጥያቄው እንደ ተባለው ቀላል ቢሆን ኖሮ፥ ሌዋውያንን ያላነበበው አርስጣጣሊስ በተፈጥሮ ባሪያ የሆነ ሰው አለ ባላለም ነበር። ነገሩ ቀላል ሆኖ የሚታየው ብዙዎች ከደከሙበት በኋላ ነው፤ ከደከሙትም መካከል መጽሐፉን ይዘው የደከሙ አሉ።

ነገር ግን ይህ መልስ ግማሽ ነው። ጎርጎርዮስ ከሰበከ በኋላ አሜሪካ ባርነትን በሕግ እስክትሽር፥ እስከ 1865 ድረስ፥ 1500 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በኢትዮጵያም ፍትሐ ነገሥት ነፃነት ለሰው ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን እየተናገረ ባርነትን ሳይሽር ኖረ፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። በዚህ ቦታ ንባብን ከትርጓሜ ለይቶ ማወቅ አላዳነም። መልካሙ ትርጓሜ በመጽሐፉ ነበረ፥ በሊቁም አፍ ተነግሮ ነበር፤ ባሪያው ግን በአማኙ ቤት ውኃ ይቀዳ ነበር። ሃሪስ ትርጓሜውን አላወቀም ብሎ መርታት ይቻላል፤ ትርጓሜውን እያወቁ ያልሠሩትን ግን ማንም ጠበቃ አያድናቸውም።

ስለዚህ መጽሐፉ በሚዛን ሲወጣ እንዲህ ነው። በፈንዳሜንታሊስቱ ላይ ድል አድርጓል፤ በክርስትና ላይ ግን ድል አላደረገም፥ ከእርሷ ጋር አልተገናኘምና። ስለ ባርነት ያነሣው ነገር ግን በመልስ የሚዘጋ ሳይሆን በንስሐና በሥራ የሚመለስ ነው። መምህራን ቢያነቡት ይጠቀማሉ። የከተማው ወጣት ስለ ምድር ዕድሜና ስለ ባሪያ ሕግ መጠየቁ አይቀርም፤ ተግሣጽ ብቻ ቢሰጠው መልሱን ፍለጋ ወደ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ይሄዳል፤ በዚያም ትርጓሜ የሌለው ንባብ ያገኛል።