ሊፍት አለው ወይ?

የእኛ አገር ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ስለ ከተማው ብዙም አይጠየቅም። የሚጠየቀው የት እንዳረፈ ነው። ዘመድ ቤት ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሆቴል ከሆነ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ «ሊፍት አለው ወይ?» ይህችን ጥያቄ እንጅባራ ቡና ቤት በረንዳ ላይም፣ ዳንግላ መናኸሪያም ሰምቻታለሁ። መልሱ «አለው» ከሆነ ጠያቂው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ሰውየው አልፎለታል ማለት ነው።

ጊዜው ደግሞ የጉዞ ጊዜ ነው። አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ከአዊ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ይበዛል። ገናን ከልጁ ጋር የሚውል አለ፤ ጥምቀትን ጃንሜዳ ማየት የሚፈልግ አለ፤ ሠርግ የተጠራ አለ፤ ዝም ብሎ ዓይኑን ሊያፍታታ የሚሄድም አለ። ፈረንጆቹ ይህንኑ ወቅት «የክረምት ዕረፍት» ይሉታል። እኛ ክረምት ስንል ሐምሌ ነው፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ የማያባራው ዝናብ። በሐምሌ ለሽርሽር የሚነሣ አዊ ካለ ጤንነቱ ይጠየቅለት።

በዚያ ላይ ጉዞው እንደ ድሮው ቀላል አልሆነም። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ግጭቱ ከተነሣ ጀምሮ መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ ብዙ ሰው ልጁንም ሠርጉንም ሳያይ ቀርቷል። ስለዚህ 450 ኪሎ ሜትር ገደማውን አቋርጦ መግባት የቻለ ሰው፣ ያቺን ሦስት አራት ሌሊት የት እንደሚያድር ቢያስብባት ቅብጠት አይባልም።

አንድ የማከብራቸው የዳንግላ ነጋዴ አሉ፤ አያ ነው የምላቸው። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አገኘኋቸው።

«አያ፣ አዲስ አበባ እንዴት ነበር?»

«ደግ ነው። ስምንተኛ ፎቅ ነበርኩ።»

«ምን ምን አዩ ታዲያ?»

«ምን አያለሁ ልጄ፣ መስኮቱ አይከፈትም።»

እኔም እንዲህ ባለው ቤት አድሬያለሁ። ስሙን ተዉት፤ ስሙ ራሱ ከሌሎቹ ስም አይለይም፤ መጨረሻው «ኢንተርናሽናል» ነው። ፊቱ መስታወት፣ ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል የፓሪሱ ኤፍል ማማ። ከሥሬ ያለው የምሽት ክበብ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልጋዬን ሲያንቀጠቅጥልኝ አደረ። ጠዋት ቁርስ ላይ ጨጨብሳ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጁ አፈረልኝ። ያን ክፍል አንሥታችሁ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ብታስቀምጡት አንድም ነገር አይጎድልበትም። ታዲያ እኔ ለምን ያን ሁሉ መንገድ መጣሁ?

ክርክሬ ይኸው ነው። ለዕረፍት ለሄደ ሰው ሆቴል መምረጥ ማለት የሚያየውን ከተማ መምረጥ ነው። ትንሽ፣ የራሱ መልክና ታሪክ ያለው ቤት ያረፈ ሰው ከተማው ውስጥ ያድራል። በመስታወቱ ውስጥ ያረፈው ከከተማው በላይ ያድራል።

አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ቤት አጥታ አታውቅም። እንዲያውም የሆቴል ታሪኳ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ፒያሳ ያለው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም እንደተመሠረተ ይነገርለታል። ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሲረግጡት የሚናገር የእንጨት ወለል፣ በረንዳ፣ ሰፊ ደረጃ። ስለ አጀማመሩ የሚተረከው ደግሞ ከሕንፃው ይበልጥብኛል። መኳንንቱ ገንዘብ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር ቆጥረው አልገባ ቢሉ፣ ምኒልክ ራሳቸው ይዘዋቸው ገብተው በሉና ሒሳብ ከፈሉ ይባላል። ነውር መቁጠራቸው ላይ አትሳቁባቸው። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲባል «ቤት ለእንግዳ» ብሎ በሩን የሚከፍት አገር ውስጥ፣ እንግዳን ሒሳብ መጠየቅ ቀላል ነገር አልነበረም። እዚህ እኛ ዘንድ እንኳ ሆቴል ማለት እስከ ዛሬ በአብዛኛው የምግብ ቤት ስም ነው፤ «ሆቴል ገባን» ስንል በላን ማለታችን ነው።

ትንሽ ማረፊያ ለጸሐፊም ትጠቅማለች። እ.ኤ.አ. በ1935 የጣልያን ወረራ ሲቃረብ የውጭ ጋዜጠኛ አዲስ አበባን አጥለቀለቃት። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ያረፈው ባልና ሚስት በሚያስተዳድሯት «ዶይቸስ ሃውስ» በምትባል የጀርመኖች ፓንሲዮን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ «ስኩፕ» የተባለ ልብ ወለዱን ሲያሳትም ፓንሲዮኗን ስሟን ለውጦ ከተታት። ሰውየው ስለ እኛ የጻፈው አብዛኛው ያስቀይማል፤ ማረፊያ መምረጡን ግን ያውቅበት ነበር። ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲመጡ ያረፉት ራስ ሆቴል ነው። ዛሬ በራስ ሆቴል ደጃፍ ከሚያልፈው የእኛ ሰው ስንቱ ይህን ያውቃል?

አናውቅም፤ ባለማወቃችንም ቤቶቹ እያለቁ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም ጣይቱ ሆቴል ላይ እሳት ተነሥቶ ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ነደደ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ። የፈረሰው ሁሉ ይቆይ ነበር አልልም፤ ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው ትዝታ አይበላም። ነገር ግን ስንቱን ቤት ነው እኛ ራሳችን ከግሬደሩ በፊት ያፈረስነው? «አሮጌ ነው» ብለን አልፈነዋል። ጣይቱን ለዓመታት የሞላው የጀርባ ሻንጣ ያዘለ ፈረንጅ ነው እንጂ የዳንግላ ነጋዴ አይደለም። ደንበኛ የሌለው ቤት ባለቤቱ ምን ያድርግ? ወይ ይሸጠዋል፣ ወይ አፍርሶ መስታወት ያለብሰዋል።

በ2007 ዓ.ም የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ የአዲስ አበባን ሆቴሎች በኮከብ መድቦ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው። የእሳት መውጫ፣ ንጽሕና፣ የሠራተኛ ሥልጠና ይለካል። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቡና እየጠጡ የሰው መተላለፍ ማየትን ግን ኮከብ አይለካውም።

«ትንሽ» ማለት ሁሉ «ጥሩ» ማለት ነው ያልኩ እንዳይመስልብኝ። ስንቱ ፔንሲዮን አለ፣ በሰዓት እያከራየ ሌሊቱን ሙሉ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያድር! ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ስለሆነ የጎረቤትን ሳል ከነአክታው ትሰማላችሁ። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትገባ ደግሞ የእንግዳ መቀበያው ሰውዬ አስተያየት አለ፤ መታወቂያዋን ከወንዱ ይልቅ አገላብጦ ያነባል። አንዲት መምህርት ዘመዴ በዚህ ምክንያት ብቻ ሁልጊዜ ትልቅ ሆቴል ትይዛለች፤ እሷን ምን ብዬ እወቅሳለሁ? ትንንሾቹ ቤቶች የተከበረ ደንበኛ ያጡት በእኛ የሊፍት ፍቅር ብቻ አይደለም፤ በዚህም ነው።

ስለዚህ ስልክ ደውሎ «ስንት ነው?» ብሎ መያዝ አይበቃም። የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ክፈሉ። ክፍሉን ሳታዩ ቁልፍ አትቀበሉ። መስኮቱን ክፈቱት፤ ወዴት ያያል? ሙቅ ውኃው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁና ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱ። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ፤ የታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ይቆነጥጣል፣ ምንም እንኳ ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖረው የእንጅባራ ሰው ብርቅ ባይሆንም። ምሽት ላይ ሙዚቃ እንዳለ ጠይቁ፤ «ትንሽ አለ» ካሏችሁ ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ግን እዚያ ቤት ብዙ ዓመት የሠራው ማን እንደሆነ ጠይቁ። አሥራ አምስት ዓመት የቆየች አስተናጋጅ ያለችበት ቤት መጥፎ ቤት ሊሆን አይችልም። የቤቱንም የሰፈሩንም ታሪክ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ሰሞኑን ደግሞ «ቡቲክ ሆቴል» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ላይ ሞርጋንስ ከተባለው ሆቴል ወዲህ ነው ይባላል፤ ሐሳቡም ትንሽ ሆኖ የራሱ ጠባይ ያለው ቤት ማለት ነበር። እኛ ጋ ቡቲክ የልብስ መሸጫ ስለሆነ አያ «ሱሪም ይሸጣሉ?» ብለው ጠይቀውኛል። አብዛኛው ቡቲክ ሆቴል ተብዬ ግን ያው መስታወት ነው፤ ፎቁ ነው ያነሰው።

አዲስ አበባን ብቻ መውቀስ ደግሞ አይገባም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፤ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል። ያን ቀን የመጣ የአዲስ አበባ እንግዳ የተሸለመ ፈረስ ሲጋልብ አይቶ ማታ የሚገባበት ክፍል ምን ይመስላል? ያው ሴራሚክ፣ ያው የማይከፈት መስኮት፣ ያው የኤፍል ማማ። ከተማው ዳር ላይ ባለ ሙያው የቀርከሃ ወንበር አሰልፎ ይሸጣል፤ ሆቴሉ ውስጥ ግን የፕላስቲክ ወንበር ነው። ዘንገና ሐይቅ እዚያው አፍንጫችን ሥር ነው፤ ፎቶው እንኳ አልተሰቀለም።

ድሮ በየከተማችን ፊት ለፊቱ ቡና ቤት፣ ጓሮው በግቢ ዙሪያ የተደረደሩ አልጋ ክፍሎች ያሉት ሆቴል ነበር። ሆቴሉ የሚታወቀው በባለቤቷ ስም ነው፤ እትዬ እገሊት ጋ አደርን ይባል ነበር። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ እሱን አልናፍቅም። እትዬ ግን እንግዳው ራቱን ሳይበላ መተኛቱን ካወቁ በር አንኳኩተው ይቀሰቅሱት ነበር። እንዲህ ያለው ቤት ዛሬም በጣት የሚቆጠር ቢሆን አይጠፋም። ለመጪው ጥር 23 እንግዳ የምትጠብቁ የእንጅባራ ሰዎች ክፍል የምትይዙለት ከሆነ፣ ፎቁን ከማየታችሁ በፊት ጓሮውን እዩት።